ፊርማው በፈራሚው ላይ ሲመሰክር

ከጫግኒ ወጥቶ የሚጓዝ ሰው ኬላ ላይ መጀመሪያ የሚጠየቀው መታወቂያውን ነው። የቀበሌ መታወቂያ በብዙ አካባቢ ከስምና ከዕድሜ ቀጥሎ «ብሔር» የምትል መስመር ነበረችው። በ2013 ዓ.ም. በብሔራቸው ተለይተው በመጠቃታቸው ከመተከል የተፈናቀሉት ጫግኒ ራንች ላይ በድንኳን ሲሰፍሩ፣ ያቺ መስመር ለዚህ ከተማ ሰው ተራ የጽሕፈት ቤት ጉዳይ መሆኗ ቀረ። የመንግሥትን ወረቀት አንስቶ ሥልጣንን የሚጠይቅ ጥበብ ከዚህ ሆኖ ሲታይ የቅርብ ነገር ነው።

በአገራችን የዚህ ጥበብ ትልቁ ምሳሌ ከሠዓሊ እጅ አልወጣም። በ2002 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ አጠገብ የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ነው። አጽሙና የሟቾቹ ፎቶግራፍ ያስለቅሳል፤ እኔን የሚያቆመኝ ግን ሰነዱ ነው። ደርግ መግደልን «እርምጃ» ይለው ነበር። ቃሉ የቢሮ ቃል ነው፤ ለበጀትም ለጽዳትም ይሆናል። ጸሐፊዋ ስትተይበው፣ መዝገብ ቤቱ ቁጥር ሲሰጠው፣ ማንም ደም አላየም። ይኸው ዓይነት ወረቀት ታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. በተከፈተው የደርግ ባለሥልጣናት ችሎት የልዩ ዓቃቤ ሕግ ማስረጃ ሆነ፤ ታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. የደርጉ መሪ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሌሉበት በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ተባሉ። አዛዡን ያስከበረው ፊርማ አዛዡን አስፈረደበት።

አሜሪካዊቷ ጄኒ ሆልዘር ይፋ የተደረጉ የአገሯን መንግሥት ሰነዶች እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ወደ ትልልቅ የዘይት ቅብ ሥዕል ለውጣለች። ሳንሱሩ በጥቁር የሸፈነውን እንደተሸፈነ ትታዋለች። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ የእሷን ሰነድ የሰጣት ያልወደቀ መንግሥት ስለሆነ የሚከሰው ጥቁሩ ቀለም ነው። የእኛን ጥሎት የሄደው የወደቀ መንግሥት ነው፤ የሚሸፍንበት ጊዜ አላገኘም። ስለዚህ የእኛ ወረቀት ይበልጥ ይናገራል። ይሁንና የሚናገረው ስለ ትናንት ብቻ ነው፤ ድፍረቱም በዚያው ልክ ያንሳል።

ፍልስጤማዊው የጥበብ ሰው ኻሊድ ጀራር የሚያስደንቀኝ ስለ ዛሬ በመናገሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ራማላ አውቶቡስ ተራ ቆሞ፣ ራሱ የነደፈውን የፍልስጤም መንግሥት ማኅተም በፈቃደኛ ተጓዦች ፓስፖርት ላይ መታ። ይፋዊ ያልሆነ ማኅተም የሚያመጣውን አደጋ ግን የፓስፖርቱ ባለቤትም ተሸክሞ ኬላ ይደርሳል። ይህ ሥራውን ከባድ ያደርገዋል፤ እንከኑም እዚያው ነው።

ከመተከል የተፈናቀለ ሰው መታወቂያ ላይ እንዲህ ያለ ሥራ ልሥራ የሚል ሠዓሊ ካለ፣ አስቀድሞ ባለቤቱን ያስፈቅድ፤ ስሙንም ይሸፍን። እዚህ ላይ ጥቁሩ ቀለም ሰውን ይጠብቃል።

በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የመጣው ፋይዳ የተባለው ዲጂታል መታወቂያ የብሔር መስመር የለውም። አሮጌው መታወቂያ ከእጅ እየወጣ ነው። የቀበሌ መዝገብ ቤቶች ሆይ፣ አታቃጥሉት። ያቺን መስመር ነገ ማንበብ የሚፈልግ ይመጣል።