የውዳቂዎቹ ውበት

ሄንድሪክ ጎልትዝዩስ በ1588 (እ.ኤ.አ.) በሆላንዷ ሃርለም ከተማ አራት ክብ ሥዕሎችን በመዳብ ላይ ቀርጾ አሳተመ። ንድፉ የሠዓሊው የኮርኔሊስ ፋን ሃርለም ነው፤ ርእሱም «አራቱ ውዳቂዎች» ሊባል ይችላል። ታሪኩ ከግሪክ አፈ ታሪክ የተወሰደ ነው፦ ታንታሉስ የአማልክትን ማዕድ የደፈረ፣ ኢካሩስ በሰም ክንፍ ወደ ፀሐይ የቀረበ፣ ፋኤቶን የፀሐይን ሠረገላ ልንዳ ያለ፣ ኢክሲዮን የአማልክትን ንግሥት የተመኘ። አራቱም ቁልቁል ይምዘገዘጋሉ።

በየክቡ ዙሪያ የተጻፈው የላቲን ግጥም ከልክ በላይ መመኘትን ይኮንናል። መስመሩ ግን ሌላ ይናገራል። የመቅረጫው ብረት ወደ መዳቡ ሲጠልቅ መስመሩ ይወፍራል፤ ሲቀል ይሳሳል። ጎልትዝዩስ በዚህ ብልሃት ጡንቻውን ያሳብጣል፤ ገላውን በአየር ላይ እያገላበጠ ከየአቅጣጫው ያሳያል። የማኔሪዝም ስልት ውበትን የሚሻው በተጠማዘዘ ገላ ነውና ውድቀቱ ራሱ ግርማ ያገኛል።

እዚህ ላይ ጉድለቱም ይታያል። ወዳቂዎቹ በገላ እንጂ በበደል አይለዩም፤ ታንታሉስን ከኢክሲዮን ለመለየት ጽሑፉን ማንበብ ግድ ይሆናል። ተምሳሌቱ ከሥዕሉ ወጥቶ በጠርዙ ላይ ቀርቷል።

ይሁንና ይህን የቀረጸው ቀኝ እጅ በልጅነቱ በእሳት ተቃጥሎ የተኮማተረ ነበር፤ ጎልትዝዩስ ያንኑ እጅ በዚያው ዓመት በብዕር ስሎታል። ግጥሙ ደፋሮችን ሲኮንን እጁ ደፍሯል። የተመልካች ዐይንም የሚያርፈው በፍርዱ ላይ ሳይሆን በወዳቂው ላይ ነው። ቅርጹ ያልተቀበለውን ትምህርት በዙሪያው የተጻፈ ቃል ሊያድነው አይችልም።