ባለ ጉትዬው ወፍና ድምፅ አልባው ካሜራ

ዙሪክ አጠገብ ያለችውን ዋሊሰለንን ታክኮ የሚያልፈው የግላት ወንዝ የሚነሣው ከግራይፈንዜ ሐይቅ ነው። በጸደይ ማለዳ ወንዙን ሽቅብ ተከትሎ ሐይቁ ዳር ለደረሰ ሰው ሰርግ ይጠብቀዋል። ሙሽሮቹ ጀርመንኛ ተናጋሪዎች ሃውበንታውኸር የሚሏቸው ባለ ጉትዬ ጠላቂ ወፎች ናቸው። ፊት ለፊት ሆነው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ጠልቀው የውሃ ሣር በመንቆራቸው ይዘው ይወጣሉ፤ ከዚያም ደረት ለደረት ገጥመው ውሃው ላይ ቀጥ ይላሉ። እስክስታ ለለመደ ዓይን ጨዋታው ባዳ አይደለም።

ይህ ሁሉ ግን የሚያልቀው በሰከንዶች ነው። ሚረርለስ ካሜራ የሚመሰገነው እዚህ ላይ ነው። በየፎቶው ብድግ ይል የነበረው የድሮ ካሜራዎች መስታወት ስለሌለው፣ በኤሌክትሮኒክ መዝጊያ ሲያነሡበት ቀጭ እንኳ አይልም። ብዙዎቹ አዳዲሶቹ የወፉን ዓይን ራሳቸው ፈልገው ይከተላሉ፤ በሰከንድ 20 እና ከዚያም በላይ ፎቶ ያነሣሉ። 600 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሲገጠምላቸው ደግሞ ወፉን ሳያስበረግጉ፣ ከዳር ሆነው፣ መንቆሩ ጫፍ ላይ የተንጠለጠለችውን ጠብታ ያመጣሉ።

ትዕግሥቱ ግን የሰው ነው። ደጋግሞ የሚመጣ ሰው ሸንተረር ያላቸው ጫጩቶች በወላጆቻቸው ጀርባ፣ ላባ አንቀልባ ሆኗቸው፣ ታዝለው ሲንሳፈፉ ያያል። የዚህ ወፍ ትንሹ ዘመድ በቢሾፍቱ ሐይቆችም ብቅ ጥልቅ ይላል። ናፍቆት ያለበት ሰው በሌንሱ የሚያቀርበው ወፉን ብቻ አይደለም።