ቤትኪ፥ ቤትሽ፥ ቤቲች፤ ስለ ኵዌት አነጋገር

ከወገኖቻችን ብዙዎች ለሥራ በሚኖሩባት በኵዌት ከተማ የሚነገረው ዓረብኛ «የተበላሸ ነው» ሲባል እንሰማለን። ውሻን መጽሐፉ እንደ ግዕዙ «ከልብ» ሲለው፥ ሕዝቡ «ቸልብ» ይለዋልና። እኛ ይህን ፍርድ አንቀበለውም።

ጆንስቶን የተባለው ሊቅ ስለ ምሥራቅ ዓረብ አነጋገር ጽፎ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1967 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ እንደሚታየው፥ ድምፁ የሚለወጠው በጎረቤቱ ምክንያት ነው። ከትናጋ የሚወጣው ከ፥ ምላስን ወደ ፊት የሚስብ አናባቢ፥ ይልቁንም ኢ፥ ሲጠጋው ወደ ላንቃ ቀርቦ ቸ ይሆናል። የዓረቡ ቃፍም በዚያ አገር ገ ይሆንና፥ ኢ ሲጠጋው ጀ ይባላል። ምስክሩ ከተማዪቱ ራስዋ ናት፤ ከጥንት ሰፈሮችዋ አንዱን «ሸርቅ»ን «ሸርግ» ሲሉት፥ ሌላውን «ቂብላ»ን ግን «ጂብላ» ይሉታል። ከከተማው ዳር ያለው የጂሊብ አሹዩኽ ስም ትርጓሜው የሼኾች የውኃ ጕድጓድ ነው፤ ጥንት «ቀሊብ» የነበረው ቃል ዛሬ በጀ ይጻፋል።

ለግዕዝ ተማሪ ከሁሉ የሚጠቅመው ግን የሴት ዝርዝር ነው። ግዕዝ «ቤትኪ»፥ አማርኛ «ቤትሽ»፥ ኵዌት «ቤቲች» ይላል። ለወንድ ግን ኵዌቶች «ቤቲክ» ይላሉ። ኢ ሳለ ከ ስለ ምን አልተለወጠም ቢሉ፥ የወንዱ ዝርዝር በጥንት እንደ ግዕዙ «ከ» ነበረና፤ ኢ በኋላ የመጣ እንግዳ ነው። እንግዲህ ቸን ስሕተት ነው ብሎ የሚነቅል ሰው፥ ወንዱን ከሴቲቱ የሚለየውን አንዱን ድምፅ ነቀለ።

ይኸው ፍርድ በአማርኛም ላይ ሲሰነዘር ኖሯል። ነገር ግን «አንቲ» አንቺ፥ «ቀዳሲ» ቀዳሽ፥ «ከሃሊ» ቻይ የሆኑት በዚሁ ሥርዓት ነው። በንባብ ጊዜ «ለኪ» እንደ ተጻፈ መነበቡ የተገባ ነው፤ ከንባብ ውጭ «ላንቺ» የሚለው ሰው ግን አላጠፋም። ነቀፋ ካስፈለገ በፊደላችን ላይ ይሁን፤ ቸ ከተ ቅርጽ ስለ ተሠራ፥ የ«አንቺ» እናት ስትታይ የ«ቻለ» እናት ከ ተሰውራለች።

ሕጉም ሁሉን አይገዛም፤ «ኪታብ» የመጽሐፍ ቃል ስለ ሆነ በኵዌትም ኪታብ ነው። ከከተማው ማዶ በባሕር ውስጥ ያለችው፥ የጥንት ክርስቲያኖች ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ የተገኘባት የፈይለካ ደሴት ግን፥ ስምዋ በከ እየተጻፈ የአገሩ ሰዎች «ፌለቻ» ይሏታል።