የጥንቱን የፖላንድ ጐራዴ ስለ መቅዳት፤ አጭር ሒስ

የጥንት የጦር መሣሪያን አስመስሎ በእጅ መሥራት በዛሬው ዘመን በብዙ አገር የሚገኝ ሙያ ነው። በፖላንድ ቋንቋ «ሻብላ» የሚባለውም ጐራዴ ከፖላንድ ውጭ ሳይቀር ቅጂውን የሚሠሩለትና የሚፈልጉት ሰዎች አሉ። ይሁን እንጂ ቅጂዎቹ የሚመሰገኑበትም ሆነ የሚነቀፉበት መለኪያ አብዛኛውን ጊዜ የዓይን መለኪያ ብቻ ነው፤ ይኸውም «መልኩ ይመስላል ወይስ አይመስልም?» የሚለው ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው ይህ መለኪያ የማይበቃ መሆኑን ነው። ጐራዴ የተሠራው ለእጅ ስለ ሆነ ቅጂውም በእጅ ሊመዘን ይገባዋል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ወደ ፍርዱ ከመግባታችን በፊት ስለ ጐራዴው ታሪክ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ጠማማው ጐራዴ በፖላንድ መኳንንት ዘንድ የተስፋፋው በ16ኛው መቶ ዓመት ሲሆን፥ ከሀንጋሪ በመጣው ዓይነት ላይ የተመሠረተ ነበር። የትራንሲልቫኒያው ተወላጅ ስቴፋን ባቶሪ ከ1576 እስከ 1586 በፖላንድ በነገሠ ጊዜ ይህ ልማድ ይበልጥ ጸና። በ17ኛው መቶ ዓመት ደግሞ ጣቶችን የሚከልል ቅስትና ለአውራ ጣት የተበጀ ቀለበት ያለው፥ «የሁሳር ጐራዴ» የሚባለው ዓይነት ተገኘ። ከዚህ ሌላ የእጀታው ጫፍ የንስር ራስ የሚመስለው «ካራቤላ» አለ፤ ይኸኛው እያደር ከመኳንንቱ የክብር ልብስ ጋር የሚታጠቅ ሆነ።

ፖላንድ በ1772፥ በ1793ና በ1795 በጎረቤቶቿ መንግሥታት ተከፋፍላ፥ እስከ 1918 ድረስ ነጻ መንግሥት አልነበራትም። በዚያ ዘመን በግድግዳ ላይ የተሰቀለው የአያት ጐራዴ የጠፋው መንግሥት መታሰቢያ ነበር። ዮዜፍ ቪቢትስኪ በ1797 በደረሰውና ኋላ የአገሪቱ ብሔራዊ መዝሙር በሆነው ግጥም ውስጥ ጐራዴ የተነሣው በከንቱ አይደለም። እንግዲህ ጐራዴው ከመሣሪያነት ወደ ምልክትነት ሲሻገር የእጅን ቦታ ዓይን ወሰደው። መታሰቢያ እንዲታይ እንጂ እንዲሰነዘር አይፈለግምና ነው። የቅጂዎቹም ጉድለት የሚመነጨው፥ እንደሚመስለን፥ ከዚሁ ነው።

የመጀመሪያውና ዋናው ጉድለት የውፍረት ነው። በገበያ የሚገኘው ጠፍጣፋ ብረት ከዳር እስከ ዳር ውፍረቱ አንድ ነው። የሚቸኩል ሠሪ ይህንኑ ብረት በጠማማ መልክ ቈርጦ፥ ስለቱን ሞርዶ፥ እጀታ ያስገባለታል። ጎኑን ብቻ ለሚያይ ሰው ጐራዴው እንከን የለበትም፤ ጀርባውን አዙሮ ለሚመለከት ግን ስሕተቱ ወዲያው ይገለጥለታል። ጥንታዊው ጐራዴ ከእጀታው አጠገብ ወፍራም ሆኖ ወደ ጫፉ እየሳሳ ይሄዳል፤ ለምሳሌ ከሥሩ ስድስት ወይም ሰባት ሚሊ ሜትር የሆነው ጀርባ፥ ከጫፉ አጠገብ ሁለት ወይም ሦስት ሚሊ ሜትር ሊሆን ይችላል። በጎኑም ክብደትን የሚቀንስ ቦይ ይቀረጽበታል። በብዙዎቹ ላይ ደግሞ ወደ ጫፉ ሰፋ ብሎ በጀርባው በኩል ጭምር የሚሳል ክፍል አለ፤ ፖላንዶች ይህን «ፒውሮ»፥ ማለት «ላባ»፥ ይሉታል። ላባው ሰፊ ቢሆንም ስስ ስለ ሆነ ጫፉን አያከብደውም። በወፍራም ብረት ላይ የላባውን መልክ ብቻ የቀዳ ሠሪ ግን ጐራዴ ሳይሆን መጥረቢያ ሠራ ማለት ነው።

ሁለት ጐራዴዎች እያንዳንዳቸው ዘጠኝ መቶ ግራም ስለ መዘኑ እኩል ናቸው ለማለት አይቻልም። የአንደኛው ክብደት ወደ እጅ፥ የሌላው ወደ ጫፍ የተሰበሰበ ከሆነ፥ የመጀመሪያውን ሰንዝረው ሊመልሱት ይቻላል፤ ሁለተኛው ግን ሰንዛሪውን ጐትቶ ይወስደዋል። እንዲህ ያለው ቅጂ ስለ ጥንቱ ጐራዴኛ በሐሰት ይመሰክራል። የያዘው ሰው «የዱሮ ሰዎች ምንኛ ብርቱ ክንድ ነበራቸው!» ብሎ ይደነቃል፤ የሚያደንቀው ግን የአባቶችን ክንድ ሳይሆን የሠሪውን ስንፍና ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ የአውራ ጣት ቀለበት ነው። ቀለበቱ በቅጂዎች ላይ እንደ ጌጥ ተቈጥሮ፥ ጣት በማያስገባ መጠን ወይም አለ ቦታው የሚበየድበት ጊዜ አለ። ቀለበቱ ግን ሥራ ነበረው። አውራ ጣት በውስጡ ሲያልፍ እጀታው በመዳፍ ውስጥ እንዳይዞር ይይዘዋል፤ የተሰነዘረውንም ጫፍ ፈጥኖ ለመመለስ ይረዳል። ይህን የመሰለውን ነገር በሥራ እየፈተነ ካጠኑት ሰዎች አንዱ ቮይቼኽ ዛብዎትስኪ (1930–2020) ነው። እርሱ የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ ሲሆን፥ በ1956ና በ1960 ኦሊምፒክ በጐራዴ ቡድን ውድድር ለፖላንድ የብር ሜዳይ ካስገኙት ውስጥ ነበር። በ1989 «በእውነተኛ ጐራዴ መቍረጥ» በሚል ርእስ ያሳተመው መጽሐፍ የሚመሰገነው፥ የጐራዴን ቅርጽ ከሰንዛሪው እንቅስቃሴ ለይቶ ስላላየው ነው። የቅጂ ሠሪም አካሄድ እንዲህ ሊሆን ይገባል እንላለን።

እዚህ ላይ ስለ ፊልም አንድ ቃል እንጨምር። ዬዢ ሆፍማን በ1974 ባወጣው «ፖቶፕ» (የጥፋት ውሃ) በተባለው ፊልም ውስጥ ያለው የጐራዴ ግጥሚያ ዝነኛ ነው። ለተዋንያን የሚሠራ ጐራዴ የደነዘዘና ደጋግሞ መጋጨትን የሚችል መሆን ስላለበት ከጥንቱ ቢለይ አይነቀፍም። የሚነቀፈው የፊልሙን መሣሪያ እንደ ጥንቱ ቈጥሮ እርሱኑ የሚቀዳው ነው።

ሦስተኛው ነገር፥ «ከምን ይቀዳ?» የሚለው ጥያቄ ነው። በዋርሶው የጦር ሠራዊት ሙዚየምም ሆነ በክራኮው የቫቬል ቤተ መንግሥት ያለውን ጐራዴ መለካት መልካም ጅምር ነው። ነገር ግን ዛሬ የምናየው ብረት ብዙ ዘመን የተሳለና የተወለወለ፥ ዝገትም የበላው ሊሆን ይችላል። እጀታውም የመጀመሪያው ላይሆን ይችላል፤ ስለቱ ከውጭ አገር መጥቶ በፖላንድ እጀታና አፎት የተበጀለት ብዙ ነውና። በአገራችንም ከኤውሮፓ የመጣ ስለት የአገር እጀታ እየገባለት ይታጠቁት ነበር። ስለዚህ ቀጅው መለካት ብቻ ሳይሆን መመርመር አለበት። ብል የበላውን ብራና የሚገለብጥ ጸሐፊ ቃሉን አስተውሎ ይጽፋል እንጂ ቀዳዳውን አይገለብጥም።

«በእጅ የተሠራ» ስለሚለውም ስያሜ ክርክር አለ። አንዳንዶች በኤሌክትሪክ መሳያ የተሠራ ሁሉ እውነተኛ ቅጂ አይደለም ይላሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። በድሮዎቹ የኤውሮፓ የሰይፍ መሥሪያ ስፍራዎች ውሃ የሚያዞረው መሳያ ይሠራበት ነበር። የመኪና ባሌስትራ በሚሠራበት ዓይነት ብረት መጠቀምም ነውር የለበትም፤ ይህ ብረት ከጥንቱ ይልቅ የጠራ ነው፤ የጐራዴውን ሚዛንም አይለውጥም። በእሳት ግሎ በዘይት የተነከረና እንደገና በመጠነኛ ሙቀት የለዘበ ስለት፥ ቢለምጡት ተመልሶ የሚቀና ከሆነ ይበቃል። ውፍረቱ በመዶሻ ይሳሳ ወይም በመሳያ፥ የሚጠየቀው በትክክል መሳሳቱ ነው።

በመጨረሻ የእውነተኛነት ጕዳይ አለ። አዲስ ጐራዴን በአሲድ አዝጎ አሮጌ ማስመሰል ጥበብ ሊባል አይገባውም። አስመስሎ መሥራት ራሱ አዲስ አይደለም፤ የንጉሥ ባቶሪ ስምና መልክ ከተቀረጸባቸው ጐራዴዎች ብዙዎቹ ንጉሡ ከሞተ ከብዙ ዘመን በኋላ የተሠሩ ናቸው። እነዚያ የተሠሩት ለንጉሡ መታሰቢያነት ይሆናል፤ ነገር ግን የተሠሩበት ዘመን በላያቸው ባለመገለጡ ለኋለኛው መርማሪ ድካም ሆነዋል። የዛሬው ሠሪ ስሙንና ዓመቱን ከእጀታው ሥር ቢቀርጽ ሥራውን አያሳንሰውም። እንዲያውም ከመቶ ዓመት በኋላ ቅጂውን ከጥንቱ ለመለየት ለሚደክመው ሰው ትልቅ ውለታ ይሆናል።

እንግዲህ አንድ ቅጂ ሲቀርብልን ሦስት ነገር እንጠይቅ፤ ጀርባው እየሳሳ ይሄዳልን? እጀታው የታሰበለትን እጅ ይይዛልን? ሠሪው ራሱንና ዘመኑን ገልጧልን? ወርቁና ዕንቍው ከዚህ በኋላ ይመጣሉ። አንድ ሕዝብ መንግሥቱ በጠፋበት ዘመን አባቶቹን ያሰበበት ዕቃ፥ አባቶቹ እንዴት ይዘውት እንደ ነበር የሚያስረዳ ቅጂ ይገባዋል። በወፍራም ብረት ላይ ጌጥ ብቻ ጭኖ የሚሸጥ ሠሪ ግን መልኩን አትርፎ ዕውቀቱን ይቀብረዋል።