ምንጣፉን የሚሸጠው ማነው?

የዣን-ሌዮን ዤሮም «የምንጣፍ ነጋዴው» በ1887 እ.ኤ.አ. ገደማ የተሳለ የዘይት ቀለም ሥዕል ነው። ቁመቱ አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም። አሜሪካ፣ ሚኒያፖሊስ ከተማ ሙዚየም ውስጥ ይገኛል። እኔ ግን ያየሁት እዚሁ ቤቴል፣ ስልኬ ላይ፣ በሁለት ጣት እያጎላሁ ነው።

ቦታው የካይሮ ገበያ ነው። ከሰገነት ላይ ትልቅ ምንጣፍ ቁልቁል ተለቋል፤ ከሥሩ ጥምጥም ያሰሩ ወንዶች ቆመው እያዩት ይደራደራሉ። ሥዕሉ ያምራል፣ መካድ አይቻልም። የምንጣፉ ጥለት ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ የብሩሽ ዱካ ግን ብትፈልጉም አታገኙም።

ሊንዳ ኖክሊን የተባለችው የሥነ ጥበብ ታሪክ ተመራማሪ በ1983 ባወጣችው ጽሑፍ ዤሮምን የያዘችው እዚህ ጋ ነው። እንዲህ ያለው ልስላሴ ሠዓሊውን ይደብቀዋል። ከዚያ ሥዕሉ የአንድ ፈረንሳዊ ዕይታ መሆኑ ይረሳና እውነታው ራሱ ይመስለናል።

እኔ አንድ ነገር ልጨምር፦ የተደበቀው ሰውዬው ብቻ አይደለም፤ ንግዱም ነው። የዤሮም አማት አዶልፍ ጉፒል የታወቀ የፓሪስ የሥዕል ነጋዴ ነበር። ድርጅቱ የዤሮምን ሥዕሎች ይሸጥ ነበር፤ በኅትመትና በፎቶግራፍ እያባዛም ለብዙ ሰው ያደርስ ነበር። እንግዲህ የካይሮዎቹ ሲደራደሩ እናያለን፤ በእነሱ ምስል ላይ ፓሪስ ውስጥ የሚደረገውን ድርድር ግን አናይም። «ነጋዴ» የሚል ስም የተለጠፈው አንደኛው ወገን ላይ ብቻ ነው።

ይሄ የሩቅ ታሪክ ነው እንዳልል፣ ባለፈው ሰፈራችን ጉልት ጋ ቆሜ የቲማቲምና የቃሪያ መደቦቹን ፎቶ ሳነሳ፣ አንዷ እናት ቀና ብለው «ካነሳህ አይቀር ግዛም እንጂ ልጄ» አሉኝ። አፈርኩ። ግማሽ ኪሎ ቲማቲም ገዛሁ፤ ፎቶውን ግን ላጥፋው ወይስ ልተወው ብዬ ሳልጠይቃቸው ሄድኩ። ቤት ገብቼ ሳየው ጥሩ ፎቶ ነበር። እሳቸው የተናገሩት ግን በፎቶው ውስጥ የለም።

የዤሮምም ሥዕል ጉድለቱ ይሄ ይመስለኛል። ገበያ ስሎ ሻጩን አፍ ነሳው። ምንጣፉን ክር በክር አጥንቶታል፤ ነጋዴው ቀና ብሎ «አንተስ እኔን ስንት ልትሸጠኝ ነው?» ቢለው የሚመልሰውን ግን አላሰበበትም።