ውዳሴ ለብረት ጣቶች

ለንደን የወለደችህ፣ ሎንግ አይላንድ ያሳደገችህ፣ የብረት ጭንብል አጥልቀህ ኤም ኤፍ ዱም የተባልህ ራፐር ዳንኤል ዱሚሌ ሆይ! አንደበትህን ያወደሱ ብዙ ናቸው፤ ቤት አመታትህን ያደነቁ፣ ስንኝህን ሐረግ በሐረግ የተነተኑ ሊቃውንት አልጠፉም። እኔ ግን ዛሬ እጅ የምነሣው ለጣቶችህ ነው። ስታቀናብር ሜታል ፊንገርስ፣ የብረት ጣቶች፣ ብለህ ለሰየምሃቸው ለእነዚያ ጣቶች የሚገባቸው ክብር ገና አልተከፈለምና።

ክብራቸውን የጋረደው ባላንጣ አይደለም፤ የራስህ ዝና ነው። እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ2004 «ማድቪለኒ» የተባለው አልበም ሲነግሥ ቅንብሩ የማድሊብ፣ ግጥሙና ድምፁ ያንተ ነበር። ከዚያ ወዲህ አድማጭ ሁሉ ቃሉን ላንተ፣ ሙዚቃውን ለእርሱ ደልድሎ ተቀመጠ። አድሏዊ ድልድል! በዚያው ዓመት የወጣውን «ኤም ኤም ፉድ»ን ከጥቂት ዘፈኖች በቀር ማን አቀናበረው?

ወንድምህንና የሙዚቃ አጋርህን ዲጄ ሰብሮክን በ1993 መኪና ነጠቀህ። በማግስቱ ዓመት ደግሞ አሳታሚው ኤሌክትራ በሽፋኑ ሥዕል ሰበብ ያለቀ አልበማችሁን አስቀርቶ ቡድናችሁን ኬ ኤም ዲን አሰናበተ። ኀዘን ላይ ውርደት ተደረበ። በ1999 ግን «ኦፐሬሽን ዱምስዴይ»ን ይዘህ ተነሣህ። የሻዴን የፍቅር ዜማ ከሸክላ ቆርጠህ ከበሮ ብታስታጥቀው ፉከራ ሆኖ ወጣ! የኩዊንሲ ጆንስን ለስላሳ ዘፈን፣ የልጆች ካርቱን የሆነውን የስኩቢ ዱን ማጀቢያ ሳይቀር ለሠራዊትህ መለመልህ። ሌላው ቆርጦ የቀጠለበትን ለመደበቅ ሲደክም፣ አንተ ስፌቱን በአደባባይ ተውኸው፤ የሸክላው ሻካራነትም ማዕርግ አገኘ።

የመዝገብህ አክሊል ግን «ስፔሻል ኸርብስ» ነው፤ ከ2001 እስከ 2005 በተከታታይ ያወጣኸው፣ ቃል አልባ የቅንብር ድርሳን። ቅንብሮቹን በዕፅዋትና በቅመማ ቅመም ስም ጠራሃቸው፦ አብሽ፣ ከርቤ፣ ሳፍሮን። አንዳንዱ ከልኩ በላይ ይረዝማል፤ ውዳሴም ቢሆን ይህን አይሸሽግም። ሆኖም አብሽ ያልኸውን ቅንብር ራፐሩ ጎስትፌስ ኪላ በ2006 «ፊሽስኬል» አልበሙ ላይ ሲያውለው፣ ዉ ታንግ ክላን የተባለው የራፕ ቡድን ጀግኖች ማይኩን እየተቀባበሉ ዘመቱበት። በዚያው አልበም ላይ ሌሎች ቅንብሮችህም አሉ። ያን ሁሉ ኃያል አፍ የተሸከመ ምት የማን ነው ብሎ የጠየቀ ስንቱ ነው? በ2003 ደግሞ ኪንግ ጊዶራ በሚል ስም ባወጣኸው «ቴክ ሚ ቱ ዩር ሊደር» ላይ ከጃፓን የጭራቅ ፊልሞች ድምፅ ለቅመህ ጉባኤ አስቀመጥህ፤ ማይኩን በአብዛኛው ለሌሎች ለቀህ ከቅንብሩ ዙፋን ላይ ሆነህ ገዛህ። እንደ እኔ ፍርድ ከእነዚህ ከሁለቱ የሚልቅ የአቀናባሪነት ምስክር አልተውህም።

በኦክቶበር 31 ቀን 2020 በ49 ዓመትህ አረፍህ፤ ዓለም የሰማው ከሁለት ወር በኋላ ነው። እናንተ ወዳጆቹ ሆይ፣ ስንኙን በቃላችሁ የያዛችሁ ሁሉ፣ ዛሬ ማታ ግጥሙን አቆዩትና «ስፔሻል ኸርብስ»ን ከመጀመሪያው ቅጽ ጀምሩ። በየዝርዝራችሁም ከታላላቅ አቀናባሪዎች ተርታ ስሙን ጻፉለት።