አስታማሚ የላትም እንዴ?

በሆስፒታል ያስታመመ ሰው ይህችን ጥያቄ አይረሳትም። ስትሮክ የመታቸው እናት ከትናንት ጀምሮ በጀርባቸው እንደተኙ ናቸው፤ አንሶላቸው ርሷል። ነርሷ ታያለች፣ ዞር ብላም «አስታማሚ የላቸውም እንዴ?» ትላለች። ክፋት የለባትም። ግን ሥራው የማን እንደሆነ ተወሰነ።

የአልጋ ቁስልን የማያውቅ ነርስ አለ ብዬ አላምንም። ጠይቋቸው፤ በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ፣ ቆዳን ከእርጥበት መጠበቅ፣ ተረከዝን ከፍራሽ ማንሳት... ለፈተና አጥንተውታል። «መከላከል ይቻላል?» ብትሏቸውም «በሚገባ!» ይሏችኋል። ጉዱ ወዲህ ነው፤ መርፌ መውጋትና ግሉኮስ መስቀል ሙያ ሲባል፣ ሰው ማገላበጥ የጉልበት ሥራ፣ የዘመድ ሥራ ሆኖ ቀርቷል። ፍሎረንስ ናይቲንጌል ግን እ.ኤ.አ. በ1859 ባሳተመችው መጽሐፏ ቁስሉን በአብዛኛው የቆጠረችው ከበሽታው ሳይሆን ከነርሲንግ እንክብካቤው ጉድለት ነበር።

ዘመድ ምን ያድርግ? እናቱን ጎትቶ ያዞራቸዋል፤ ቆዳቸው ከአንሶላው ጋር ይፋተጋል። የተጎዳውን ቦታ በቅባት ያሻል፤ ማሸት እንደሚጎዳ ማን ነገረው?

ደግሞም የውጭው መጽሐፍ የመጀመሪያው ምልክት መቅላት ነው ይላል። በጠቆረ ቆዳ ላይ መቅላት የት ይታያል? በእጅ ነው የሚታወቀው፤ ቦታው ከአካባቢው ይሞቃል ወይም ይቀዘቅዛል፣ ይጠጥራል ወይም ይላላል፣ ሲነኩት ያማል። ከአልጋው ግርጌ ቆሞ «እንዴት አደሩ እማማ?» ብሎ የሚያልፍ ነርስ ይህን ከየት ያገኘዋል? ሽታው ሲመጣ ግን ጎዙም፣ አንቲባዮቲኩም ይሰለፋል። ያኔ የሙያ ሥራ ሆነ ማለት ነው!

«ነርስ የለም፣ ሌሊት አንዷ ዋርድ ሙሉ ትይዛለች» ይባላል። እውነት ነው። የሌሊት ስድስት ሰዓቱ መርፌ ግን አይረሳም። ለምን? ካርድ ላይ ተጽፏላ፣ ይፈረምበታላ። ጠዋት ሐኪሙ ሲዞር ሙቀትና ደም ግፊት ይጠይቃል፤ ጀርባቸውን ገልጦ የሚያይ ስንቱ ነው? አለቃ የማይጠይቀውን ሥራ ነርሷ ብቻዋን እንድታከብረው መጠበቅ ግፍ ነው።

በስንት ሰዓት በየትኛው ጎን እንደተኙ የሚሞላ ወረቀት ከመድኃኒቱ ወረቀት ጋር ይያያዝ። ነርሷ ሁሉንም በገዛ እጇ ባታዞር እንኳ፣ ሰው በአንሶላ ለሁለት እንዴት እንደሚነሳ ለልጅየው አንዴ ታሳየው፤ ቆዳውን ግን ራሷ ዳስሳ ትፈርም። ያን ጊዜ አስታማሚ የሌላቸው የወዲያኛው አልጋ እናት ወረቀት ባዶ መሆኑ በጠዋቱ ዙር ይታያል።